የጓዴ ጀንዲ

ጓዴ ቢሻው ነጋዴ አልነበረም፤ የነጋዴ ጫኝ ነበር። ወገዳ አጠገብ ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ ከሰው ጭነት ኋላ ሲሄድ ዕድሜው የተጋመሰ ሰው ነው። ቁጣው ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል፤ ሣቁ ግን ከስንት አንዴ ነው የሚታየው። በቅሎ ሲጭን ያየ ሁሉ ሙያውን ይመሰክርለታል። በዚች ዓለም ላይ ከልቡ የሚሳሳለት ነገር ቢኖር ወይራ ግርጌ የሚባለው ማሳው ነበር።

ማሳውም ቢሆን አከራካሪ ነው። ከአያቱ የወረደ ርስት ስለሆነ የአጎቱ ልጅ ይርዳው «ድርሻዬን» ብሎ ከሰሰው። ጓዴም «አባቴ ጫካውን መንጥሮ ብቻውን ያቀናው ነው» ብሎ ቆመ። ነገሩ ከአጥቢያ ዳኛ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ ወጣ፤ ደግሞ ተመልሶ ወረደ። ይርዳው ያኔ ጓዴ ላቀችን ሲያገባ ሚዜው የነበረ ሰው ነው፤ የሙሽራይቱን ጀንዲ፣ መኝታ ላይ የሚነጠፈውን የለፋ ቆዳ፣ ከአባቷ ቤት እስከ ጓዴ ቤት በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነበር። ከክሱ ወዲህ ግን ሁለቱ በሰርግም በተዝካርም አንድ ዳስ ውስጥ መቀመጥ ተዉ። በዚያ አገር ይህ ብርቅ አይደለም፤ ርስቱን የማይከራከር ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። በመጨረሻ ዳኛው ሰለቸውና «አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ሽማግሌ ገብቶ በገመድ ይለካ፣ በዕጣ ተካፈሉ» ብሎ ፈረደ።

አንበጣው የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ግድም። ከቆላው የተነሣው መንጋ ገብሱንም ስንዴውንም ሳይመርጥ አጨደው። ከመንግሥት የተላከ አድማሱ የሚባል ሠራተኛ ፈሳሽ መርዝ በቆርቆሮ አሳሽጎ ንፋስ መውጫ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ መኪና የሚሄድበት መንገድ ስላልነበረ በቅሎ ያለው ሁሉ ተጠራ፤ ጓዴም ተጠራ። አድማሱ ደግ ሰው ነበር። «ይህ ነገር አንበጣ ብቻ አይደለም የሚገድል» ብሎ ጫኞቹን ሁሉ ሰብስቦ አስጠነቀቃቸው። እነሱም አዎን አዎን አሉት። አዎን ማለትና መረዳት ግን ይለያያል።

በመጀመሪያው ጉዞ ላይ አንዱ ቆርቆሮ ከኮርቻው እንጨት ጋር ሲፋተግ ውሎ ተበሳ። ጓዴ ከኋላ ሆኖ በቅሎዋ ጎን ላይ ርጥበት አየ፤ ላብ መሰለውና አለፈው። ያ ርጥበት እየተንጠባጠበ መንገዱን ተከትሎ ወረደ፤ ከመንገዱ ወደ ቦይ ገባ፤ ቦዩም ተዋበች የምትባል ባልቴት ከብቶች ወደሚጠጡበት ጅረት ወሰደው። ማምሻውን በቅሎዋ ተንቀጥቅጣ ወደቀች። በማግሥቱ የተዋበች ጥማድ በሬዎች ጅረቱ ዳር ተጋድመው ተገኙ። ንቦቿም ከቀፎው በራፍ ላይ ረግፈው ነበር። ተዋበች አላለቀሰችም። በሬዎቿን አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው፤ ከዚያ ጓዴን ቀና ብላ አየችው። ያን አስተያየት ጓዴ እስኪሞት ድረስ አልረሳውም።

የዚያን ዓመት ጓዴ የራሱን መሬት ከማረሱ በፊት የተዋበችን አረሰላት። ከዚያ ነፍስ አባቱ መምሬ ቀለመ ወርቅ ዘንድ ሄደ።

«አባቴ፣ ሳላውቅ ነው» አላቸው።

መምሬ ቀለመ ወርቅ ነገር አያበዙም። ሲያዳምጡት ቆይተው «አሁን ግን አውቀሃል» አሉት።

ሌላ ንስሐ አልሰጡትም። ጓዴ ግን ይህችን ቃል ይዞ ቤቱ ገባ፤ እንቅልፍም አጣ። መጫኑን ልተው ቢል ሌላ ሰው ይጭነዋል፤ ያም ሰው ርጥበቱን ላብ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ አንድ ቀን መደቡ ላይ የተነጠፈውን ጀንዲ ትክ ብሎ ያይ ጀመር። በደንብ የለፋ፣ ቅባት የጠገበ የሰንጋ ቆዳ ነው። ላቀች ዓይኑን ተከትላ አየችው።

«ምን አሰብክ?» አለችው።

«ይህን ጠርዙን ብሰፋው ጎድጓዳ ይሆናል። ቆርቆሮ ቢቀደድ ከሥሩ ዘርግቼ እቀበለዋለሁ።»

«ከዚያስ በምን ላይ ልንተኛ ነው?»

«በጭድ ላይ።»

ላቀች ጀንዲውን በእጇ ዳበሰችው። ያባቷ ስጦታ ነው፤ ሙሽርነቷን ያሳለፈችበት፣ ልጆቿንም የወለደችበት ነው። ብድግ ብላ ከመደቡ ላይ አነሣችውና አራገፈችው። «የተዋበች በሬዎች በእኔም ሕልም ይመጡብኛል» አለችው።

ጓዴ ጀንዲውን አራቱንም ማዕዘን አነሣና በጠፍር ሰፋው፤ ስፌቱን ሁሉ በሰም ደፈነ። በሁለቱ ጎኖች ማንገቻ አበጀለትና ረጃጅም እንጨት አሾለከበት። ላቀች የምድጃዋን አመድ በወንፊት እየነፋች በስልቻ ሞላችለት። ከፍየል ቆዳ እጅ መሸፈኛ ሰፋ፤ መጥለቂያ ቅልም አዘጋጀ። ይህን ሁሉ አንዲት በቅሎ ላይ ለብቻው ይጭናል፤ ያቺ በቅሎ ሌላ ጭነት አትጭንም። የሥራ ባልደረቦቹ ይህን ሲያዩ ይሣቁበት ጀመር። «ጓዴ አመድ ሊሸጥ ወጣ» ይሉታል። «ጋይንት አመድ አጥቶ ነው?» ይላል ሌላው። ባዩ የሚባለው ጫኝ ብቻ፣ በጉዞ ሁሉ አብሮት የሚያድረው፣ ሳይስቅ እንጨቶቹን ያዝ አድርጎ ክብደታቸውን ሞከረ።

በቀጣዩ ጉዞ አርብ ገበያ የደረሱት ገበያው ደምቆ በዋለበት ሰዓት ነው። መንገዱ ከገበያው በላይ ባለው ተረተር ላይ ያልፋል፤ ከተረተሩ ሥር ምንጩ አለ። በገበያ ቀን ያ ምንጭ ሰውም አህያም አያጣውም፤ ሴቶቹ እንስራቸውን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ከጫኞቹ የአንዱ በቅሎ በገበያው ጫጫታ ደነበረችና ድንጋይ ላይ ወደቀች። አንዱ ቆርቆሮ ከነክብደቱ ድንጋዩ ላይ አረፈና ተሰነጠቀ።

ጓዴ አልጮኸም። ሰው እስኪገረም ድረስ ረጋ ብሎ ነበር። «ባዩ፣ በታች በኩል አፈር ክመር» አለና ጀንዲውን አወረደ። ቆርቆሮውን በፍየል ቆዳው አቅፎ ጀንዲው ውስጥ አጋደመው። የፈሰሰውን በአመድ አፈነ፤ አመዱ ሲጠጣ በቅል እየዛቀ ወደ ጀንዲው ጨመረ። መርዝ የነካውን አፈር ሳይቀር ፍቆ ከተተ። ወደ ምንጩ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ሴቶቹ ነገሩ ሲገባቸው እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። ገበያተኛውም ከበበውና አመሰገነው፤ የአመድ ነጋዴ የሚለውን ስድብ የፈጠሩት ጫኞች ራሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ጀንዲው መርዝ ጠጥቶ በጠገበ አመድ ተሞልቷል፤ ተጠቅልሎ በጠፍር ታስሯል፤ ግን የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት። ከጫኞቹ ጋር አብሮ የሚጓዘው አድማሱ «ውኃ የሌለበት፣ ማረሻ የማይደርስበት ቦታ ፈልግና ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበረው» አለው። እሱ ከቀረው ጭነት ጋር መቀጠል ነበረበት፤ አንበጣው ቆሞ አይጠብቅም። ጓዴ ወደ ገበያተኛው ዞሮ «መቅበሪያ ስጡኝ» ሲል ምርቃቱ እዚያው ላይ ቆመ።

በዚያ አገር ባለቤት የሌለው መሬት የለም። ይህ ጉብታ የእገሌ ዘር ነው፣ ያ ዳገት የእገሊት ልጆች ነው፤ የቀረው የደብሩ ነው። የማይታረስ ቋጥኝ እንኳ ስሙን ጠርቶ የሚሟገትለት ሰው አለው። «በርስታችን መርዝ አይቀበርም» አሉት። ክፋት አልነበረም፤ እሱም ቢሆን እንደዚያው ነበር የሚላቸው።

«ገደል ጣለው» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ከገደሉ ሥር ምን አለ፣ አባቴ?»

«በሽሎ ወንዝ ነዋ።»

«በሽሎንስ የሚጠጣ ሰው የለም?»

ጓዴም ባዩን ጠራው፤ እንጨቶቹን በማንገቻው አሾለኩና ጀንዲውን በሁለት ትከሻ አነሡት። በበቅሎ እንዳይጭኑት ገመዱ ሲጨምቀው ያንጠባጥባል፤ ጓዴ ደግሞ ሌላ በቅሎ ተንቀጥቅጣ ስትወድቅ ማየት አልፈለገም። እንዲህ ሆነው ወደ ወገዳ የሚወስደውን የስማዳን መንገድ ያዙ።

በመንገድ የደረሰባቸውን ባዩ ሲያወራው ኖሯል። ሁለት ሰው በእንጨት ቆዳ ተሸክሞ ሲመጣ የሩቅ ሰው ምን ሊመስለው ይችላል? ቃሬዛ ነዋ። ገበሬው ሞፈሩን አቁሞ ከማሳው ይወጣል፤ መንገደኛው ከበቅሎው ይወርዳል፤ ሁሉም እየሮጠ ትከሻውን ሊያገባ ይመጣል። አልፎ የሚሄድን ቃሬዛ ሳይሸከም የሚተው ሰው እዚያ አገር አልተወለደም። «እግዜር ያጥናችሁ» ይሏቸዋል። ጓዴ በየደረሰበት «ሬሳ አይደለም፣ ትከሻችሁን አታስጠጉ፣ መርዝ ነው» ማለት ሆነ ሥራው።

አንድ ጎልማሳ ትከሻውን አዘጋጅቶ ቆሞ ሳለ ይህን ሰማና ወደ ኋላ ሸሸት አለ። «መርዝ ተሸክማችሁ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቴ» አለው ጓዴ።

ሰውየው ከሩቅ ሆኖ ሸኛቸው፤ ሜዳው እስኪያልቅ ድረስ ራቅ ብሎ አብሯቸው ሄደ። ጓዴ ያን ሰው ስሙን ሳይጠይቀው በመለያየቱ ሲቆጭ ኖረ።

ወገዳ ደርሰው ባዩ ወደ ጫኞቹ ቅፍለት ተመለሰ። ላቀች ባሏን ከደጅ ተቀበለችው፤ የምትወደው ጀንዲ ምን እንደሆነ በዓይኗ አየች። ከጓሮ ምንጭ አለ፤ ከፊት ለፊት የጎረቤት አጥር ነው። ሁለቱም አንድ ነገር እያሰቡ አንዳቸውም ሊናገሩት አልፈለጉም። በመጨረሻ ላቀች ተናገረችው።

«ወይራ ግርጌ ከላይኛው ጥግ ደረቅ ነው። ውኃም የለበትም።»

«ገና ዕጣ አልወጣበትም።»

«ከዚያ ሌላ የእኛ የምንለው የት አለን?»

ጓዴ ከወይራው አጠገብ፣ የማሳው ላይኛው ጥግ ላይ ቆፈረ። ከአፈሩ በታች ጭንጫ፣ ከጭንጫው በታች የደረቀ ቀይ ሸክላ ነበር። ጀንዲውን እዚያ አስተኛው፤ ቅሉንና የፍየል ቆዳውን መሸፈኛ ጨመረበት፤ ሸክላ መረገበትና ድንጋይ ጫነበት። ሲጨርስ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ማሳውን ቁልቁል አየ። ዕጣው ያን ጥግ ለይርዳው ቢያወጣው ይርዳው ያርሰዋል። መርዝ አለበት ቢለው የተረታ ባላጋራ ተንኮል ነው ብሎ ጨርሶ ያርሰዋል። ሲከራከር የኖረበት ማሳ አሁን በሌላ መልክ አስፈራው።

አዝመራው ተሰብስቦ ሽማግሌዎቹ ገመድ ይዘው መጡ። ይርዳው አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ ወንድሞቹን አስከትሎ ቀርቧል። መምሬ ቀለመ ወርቅም ለምስክርነት ተጠርተዋል። ገመዱ ከመዘርጋቱ በፊት ጓዴ ተነሣ።

«ዕጣ አይጣል» አለ። «ማሳውን ሁሉ ይርዳው ይውሰደው። ለእኔ ከወይራው ሥር ያቺን ጥግ፣ የአንድ ጎጆ ስፋት ብቻ ተዉልኝ። ያቺን ማንም እንዳያርሳት። ከሥሯ የአንበጣ መርዝ ቀብሬያለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በእርሳቸው ተያዩ። አንዱ እንዲደግመው ጠየቁት፤ ደገመው። እውነቱን ነገራቸው፤ ከመምሬ ቀለመ ወርቅ በቀር ያመነው ግን አልነበረም። ለርስቱ ከወረዳ አውራጃ ሲንከራተት የኖረ ሰው በአፍ ተጠይቆ እንኳ የማይሰጠውን ማሳ እንዲህ አንሥቶ ይሰጣል? ይርዳው አላመሰገነም። የተሰጠውን ተቀበለና ያን ጥግ ደጋግሞ እያየ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ወሬው ተነሣ። በጣሊያን ጊዜ የደብሩ ንዋየ ቅድሳት የተደበቀው ወይራው ሥር ነው፣ ጓዴም ሲቆፍር ወርቅ አግኝቷል ተባለ። ይህ ወሬ በየአጥቢያው አለ፤ ወርቁን ያየ የለም እንጂ። ይርዳው ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅበት ነበር። ነገር ግን ባላጋራውን ያውቀዋል፤ ያ ባላጋራ በከንቱ ማሳ እንደማይለቅም ያውቃል። ስለዚህ አመነ።

አንድ እሑድ ሕዝቡ ቅዳሴ ላይ ሳለ ጓዴ በሬው ጠፍቶበት ሲፈልግ በወይራ ግርጌ በኩል አለፈ። ይርዳው ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ይቆፍራል። ድንጋዩን አውጥቶ ከምሮታል፤ ሸክላውንም እየሰበረ ነው።

«ይርዳው፣ ውጣ።»

ይርዳው ደነገጠ፤ ዶማውን ግን አልጣለም። «አልወጣም፣ አያ ጓዴ። ዛሬ ያለውን ነገር አያለሁ።»

«ታያለህ። ግን ከላይ ሆነህ፣ በእኔ እጅ። ውጣና ነፋሱን ከጀርባህ አድርግ።»

አነጋገሩ ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም፤ ይርዳውን ያስወጣውም እሱ ነው። ጓዴ ጋቢውን አውልቆ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። የፍየል ቆዳው ከመርዙ ጋር ስለተቀበረ በባዶ እጁ ነበር። ሌላ መሸፈኛ ሊያመጣ ቢሄድ ይርዳው እስኪመለስ እንደማይጠብቅ ያውቃል። የቀረውን ሸክላ አነሣ፤ ጠፍሩን ፈታ፤ የጀንዲውን አንድ ጠርዝ ገለጠለት። ሽታው ወጣ። የጠቆረው አመድ እርጥብ ነበር፤ ጀንዲው ላይ የወጡ ጉንዳኖች እንዳሉ ደርቀው ቀርተዋል።

ይርዳው አመዱን አላየም። ያየው ቆዳውን ነው። ጠርዙ ላይ ያለውን የቀይ ክር ጌጥ ያውቀዋል፤ በሰርጉ ዕለት ከላቀች አባት ቤት ሲያመጣው ትከሻውን ሲፈትገው የዋለው ያ ጌጥ ነበር።

«ይህ የሰርጋችሁ ጀንዲ አይደለም?» አለ።

«ነው።»

«ታዲያ በምን ላይ ትተኛላችሁ?»

ጓዴ ጀንዲውን መልሶ ጠቀለለው፤ ሸክላውን ረገጠ። ድንጋዩን ሁለቱ አብረው መለሱት። ቅዳሴ ሲወጣ የመጡ ሰዎች ባላጋራዎቹን አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኟቸው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጓዴ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ መላ አካላቱ ተንቀጠቀጠና ወደቀ። ጠበል ወሰዱት፤ ተነሣ፤ ደግሞ ወደቀ። መርዙ ነው የሚልም ነበር፣ ሌላ የሚልም ነበር፤ መርምሮ የሚያውቅ ሐኪም በአቅራቢያው አልነበረም። እንደገና ቢነሣም በቅሎ መጫን አልቻለም፤ ጠፍር የሚያጠብቁ ጣቶቹ ጽዋ መያዝ አቃታቸው። ይርዳው በየቀኑ ይመጣ ነበር። መጥቶ እደጁ ላይ ይቀመጣል፤ እንጨት ይፈልጣል፤ ይሄዳል። ይቅር በለኝ ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጓዴም «መሬቷ ጦሟን ትደር፣ አደራ» አለው እንጂ ሌላ አልተናገረም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ዐረፈ።

ቃሬዛው ሲነሣ የፊተኛውን እንጨት የያዘው ይርዳው ነው። ከጓዴ ቤት እስከ ደብሩ ዳገት ነው፤ ሰው ትከሻ እየተቀያየረ ነው የሚሸከመው። ይርዳውን ሊቀበለው ያልመጣ አልነበረም፤ እሱ ግን ለማንም አልሰጠም። ባዩ ከኋላው እያለቀሰ ተከተለው።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ይርዳው ላቀች ቤት አዲስ ጀንዲ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ሰንጋውን አርዶ፣ ቆዳውን ራሱ አልፍቶ ነው። ላቀች ጭድ በተጎዘጎዘበት መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ ጀንዲውን ዳበሰችው፤ ልስላሴውን ሞከረችው።

«አንበጣው ዘንድሮም አለ ይላሉ። ቆርቆሮው አሁንም በዚህ በኩል ያልፋል?» ብላ ጠየቀችው።

«ያልፋል፣ እትዬ።»

«ማን ይጭነዋል?»

ይርዳው «ባዩ አለ» አለ። ቀጥሎ «እኔም አለሁ» አለ።

ላቀች ጀንዲውን መሬት ላይ ዘረጋችው። ከግድግዳው ላይ ወስፌውንና ጠፍሩን አወረደች፤ ከዕቃዋ መካከል ሰም ፈልጋ አወጣች። «እንግዲያው ያን ማዕዘን ያዝልኝ» አለችው።